«ብልጭ» እና «ድርግም»፦ ስለ መርከበኞች ማስታወቂያ ቃላት

የብሪታንያ የባሕር ኃይል የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1834 ጀምሮ «የመርከበኞች ማስታወቂያ» እያለ የሚያወጣቸው ጽሑፎች አጫጭር ናቸው። አዲስ የበራ የባሕር ፋና፣ ቦታውን የለቀቀ ተንሳፋፊ ምልክት ወይም መተላለፊያ የዘጋ ስባሪ መርከብ ሲኖር ስፍራውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ይገልጻሉ፤ የሚታረመውንም ካርታ ያመለክታሉ። «ማስጠንቀቂያ» ያላልናቸው የአዲስ ፋና መብራት የምሥራችም ስለሆነ ነው።

ከቃላቱ መካከል ሁለቱ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ።

አንደኛው የመርከብ መሰበርን የሚመለከት ነው። ካርናቲክ የተባለችው የእንፋሎት መርከብ እ.ኤ.አ. በ1869 ከስዌዝ ወደ ቦምቤይ ስትጓዝ በሰሜን ቀይ ባሕር፣ በአቡ ኑሐስ የዛጎል ድንጋይ ላይ ወጥታ ተሰበረች፤ 31 ሰዎችም ሞቱ። እንግሊዝኛው አደጋውንም የቀረውንም አካል በአንድ ቃል ይጠራል። አማርኛ ግን «ስብራት» እና «ስባሪ» ብሎ ይለያል፤ ማስታወቂያው የሚናገረውም ስለ ስባሪው ነው። «የሰጠመ መርከብ» ማለት አያስኬድም፤ ምሰሶው ከውሃ በላይ የቀረ ስባሪ ብዙ ነውና።

ሁለተኛውና ከባዱ የብርሃኑ ጠባይ ነው። በዚያ መቶ ዘመን ብዙ ፋናዎች ሳያቋርጡ የሚበሩ «ቋሚ» መብራቶች ስለ ነበሩ ከከተማ ወይም ከሌላ መርከብ መብራት ለመለየት ያስቸግሩ ነበር። ስለዚህም ሊቁ ዊልያም ቶምሰን (ኋላ ሎርድ ኬልቪን) በ1870ዎቹ ፋናዎች በብርሃናቸው መቋረጥ ሥርዐት እንዲለዩ አጥብቆ ተከራከረ። በብርሃናቸው ከሚለዩት ፋናዎች አንዱ ዐይነት ጨለማው ረዝሞ ብርሃኑ የሚያጥር ነው፤ ሌላው ብርሃኑ ረዝሞ ጨለማው የሚያጥር ነው። ቀስ በቀስ ደምቆ ቀስ በቀስ የሚደበዝዘው ደግሞ «ተዘዋዋሪ» ይባል ነበር።

አብዛኞቹ ተርጓሚዎቻችን ሁለቱንም «ብልጭ ድርግም የሚል» ይሏቸዋል። ለመኪና ፍሬቻ ይህ በቂ ነው። በሌሊት ሰዓቱን ይዞ ሴኮንድ የሚቆጥር የመርከብ አዛዥ ግን የትኛው እንደሚረዝም ካልተነገረው አንዱን ፋና በሌላው ተክቶ መርከቡን ወደ ድንጋዩ ሊመራ ይችላል። መፍትሔው ከራሱ ከሐረጉ ይገኛል ብለን እናምናለን። «ብልጭ» ማለት በጨለማ መካከል ለአፍታ መታየት ነው፤ «ድርግም» ማለት ደግሞ የበራው ለአፍታ መጥፋት ነው። እንግዲያው ሐረጉን ከሁለት ከፍለን የፊተኛውን «ብልጭ ባይ ብርሃን»፣ የኋለኛውን «ድርግም ባይ ብርሃን» ብንለው ልዩነቱ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይታወቃል። «እሺ ባይ»፣ «እምቢ ባይ» እንደምንለው ነውና አሠራሩ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። «የሚቆራረጥ ብርሃን» የሚለውን አማራጭ አልተቀበልነውም፤ የተበላሸ መብራት ያስመስላል።

ርቀትን በሚመለከት «የባሕር ማይል» ብሎ መጻፍ ግድ ነው፤ 1852 ሜትር ሲሆን የየብሱ ማይል ግን 1609 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የቀድሞዎቹ ማስታወቂያዎች አቅጣጫዎቹ መግነጢሳዊ መሆናቸውን ገልጸው፣ የኮምፓሱ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን ምን ያህል ዲግሪ እንደሚያዘነብል ከነዓመተ ምሕረቱ ይጽፋሉ። ዝንባሌው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ተርጓሚው ዲግሪውን ጽፎ ዓመቱን መተው አይገባውም።