ከጥራጊ ክምር የተገኘ መሣሪያ

ቤቱን የሚጠርግ ሰው ጥራጊውን ከደጅ ካወጣው በኋላ ዳግመኛ አያስበውም። እኛም ስለ ቆሻሻ ስንነጋገር የምናነሣው ሽታውንና የሚያመጣውን በሽታ ብቻ ነው። ነገር ግን ሊቃውንት ከዚሁ ከተናቀው ክምር ውስጥ ብዙ የሚጠቅም ነገር ስላገኙ፣ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

በአንድ እፍኝ ብስባሽ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። እያንዳንዳቸውም ምግባቸውን የሚቈራርጡበት መሣሪያ አላቸው፤ ይህም ኤንዛይም የተባለው ፕሮቲን ነው። ቀድሞ ሊቃውንት እነዚህን ተሕዋስያን ለመመርመር በመስተዋት ሳሕን ላይ ማራባት ነበረባቸው። ዳሩ ግን አብዛኞቹ ከሚኖሩበት ስፍራ ሲለዩ ስለማይባዙ ጠባያቸው ሳይታወቅ ቀረ።

በኋላ ግን ሌላ መንገድ ተገኘ። ዲ ኤን ኤ በአራት ፊደላት እንደ ተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ የእያንዳንዱ ፕሮቲን አሠራር በውስጡ ይገኛል። ስለዚህ ተሕዋስያኑን ማራባት ሳያስፈልግ የሁሉንም ዲ ኤን ኤ ከአፈሩ በአንድነት ማውጣት ተቻለ። ይህም ስብስብ በ1998 ዓ.ም. ሜታጂኖም የሚል ስም ወጣለት።

በ2012 ዓ.ም. የጃፓን ሊቃውንት ከበሰበሰ የቅጠልና የቅርንጫፍ ክምር ዲ ኤን ኤ አውጥተው፣ ቍራጮቹን ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡ። ባክቴሪያውም በተሰጠው ጽሑፍ መሠረት ከዚያ በፊት ያልታወቀ ኤንዛይም ሠራ። የዚህ ኤንዛይም የተፈጥሮ ሥራ የቅጠልን ሰም መሰል ልባስ ማፍረስ ነው። የልባሱና የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ማያያዣ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ኤንዛይሙ ፕላስቲኩንም ቈራረጠው። በ2020 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የሚሠሩ ሊቃውንት ይህንኑ አሻሽለው፣ ተፈጭቶ የተዘጋጀውን ፕላስቲክ በ10 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶ ያህሉን ፈቱት፤ ከተገኘውም ነገር አዲስ ጠርሙስ ሠሩ።

ይሁን እንጂ ኤንዛይሙ በየሜዳው የወደቀውን ጠርሙስ በራሱ አያጠፋም። ሥራው የሚከናወነው በፋብሪካ ውስጥ፣ 72 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት፣ ከሌላው ቆሻሻ ተለይቶ በቀረበ ፕላስቲክ ላይ ነው። መለየቱም የሚጀመረው በየቤታችን ነው። ሊቃውንቱ መሣሪያውን ከክምሩ ውስጥ ፈልገው አገኙ፤ ጠርሙሱን ከክምሩ ማዳን ግን የእኛ ፋንታ ነው።