ጆን ዌስት (የሳንባ ተመራማሪ)

ጆን ዌስት እ.ኤ.አ. በ1928 በአደላይድ፣ አውስትራሊያ የተወለደ ሐኪምና የሰውነት አሠራር (ፊዚዮሎጂ) ተመራማሪ ነው። ይበልጥ የሚታወቀው ደም በሳንባ ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈል ባሳየው ጥናትና በኤቨረስት ተራራ ላይ በመራው የምርምር ጉዞ ነው። በ1974 ያሳተመው አጭር የመተንፈስ ፊዚዮሎጂ መጽሐፍ በብዙ አገሮች የሕክምና ተማሪዎች ይማሩበታል። (በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደም ፍሰት በሳንባ ውስጥ

ዌስት ሕክምናን በአደላይድ ተምሮ ወደ ለንደን በመሄድ በሐመርስሚዝ ሆስፒታል ምርምር ጀመረ። ሆስፒታሉ ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚመረትበት ሳይክሎትሮን ነበረው። ይህ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ምክንያቱም ኦክስጅን-15 የተባለው ሬዲዮአክቲቭ ኦክስጅን በ2 ደቂቃ ገደማ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ ከሩቅ ሊመጣ አይችልም። ዌስትና ባልደረቦቹ በዚህ ኦክስጅን የተሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰዎች ወደ ውስጥ ስበው ትንፋሻቸውን እንዲይዙ አደረጉ። ከዚያም ደም ጋዙን ከየትኛው የሳንባ ክፍል በምን ፍጥነት እንደሚወስደው በደረት ላይ በተደረጉ የጨረር ቆጣሪዎች ለኩ። ቀጥ ብሎ በተቀመጠ ሰው ጋዙ ከሳንባው ታችኛው ክፍል ቶሎ ይወሰዳል፤ ከላይኛው ጫፍ ግን በጣም በዝግታ።

ምክንያቱ ስበት ነው። ልብ ደምን ወደ ሳንባ የሚገፋበት አማካይ ግፊት 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ቀሪው አካል የሚገፋበት ግን ወደ 100 ይጠጋል። የሳንባ ቁመት ደግሞ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህን ያህል ከፍታ ያለው የደም ዓምድ በክብደቱ ብቻ በታችና በላይ መካከል የ23 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ልዩነት ይፈጥራል።

በ1964 የወጣው የዌስት፣ የዶለሪና የናይማርክ ጽሑፍ ነገሩን በሦስት ግፊቶች አስረዳ፦ በአየር ከረጢቶች ውስጥ ያለው፣ ወደ ሳንባ በሚገባው የደም ሥር ያለው እና ከሳንባ በሚወጣው ያለው። ከላይ፣ የአየሩ ግፊት ከደሙ ሲበልጥ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች (ካፒላሪዎች) ተጨፍልቀው ፍሰቱ ይቆማል፤ ይህ ዞን 1 ነው። በመካከለኛው ዞን 2 ፍሰቱን የሚወስነው በሚገባው ደምና በአየሩ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የመውጫው ግፊት ለውጥ አያመጣም፣ ልክ ከፏፏቴ ሥር ያለው ውኃ ከላይ የሚወርደውን እንደማይለውጠው። ከታች ባለው ዞን 3 ፍሰቱ እንደ ተራ ቱቦ በመግቢያና በመውጫ ልዩነት ይወሰናል። ዞን 1 በጤነኛ ሰው አይታይም፤ ብዙ ደም በፈሰሰው ወይም በመተንፈሻ መሣሪያ ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር በሚሰጠው በሽተኛ ግን ሊፈጠር ይችላል። ያ የሳንባ ክፍል አየር ቢገባውም ደም ስለማይደርሰው ጥቅም አይሰጥም።

ዌስት በ1969 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተዛወረ። ቡድኑ በ1991 በጠፈር መንኮራኩር ላይ ባደረገው ልኬት፣ ስበት በሌለበት የፍሰቱ ልዩነት ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋም። ስበት ብቸኛው ምክንያት አይደለም ማለት ነው።

ኤቨረስት

ዌስት በ1960–61 በኤድመንድ ሂላሪ በተመራው የሂማላያ ጉዞ፣ በ5,800 ሜትር ከፍታ በተተከለ ጎጆ ውስጥ ከቆዩት ተመራማሪዎች አንዱ ነበር። በ1978 ሁለት ተራራ ወጪዎች ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ኤቨረስት ጫፍ ደረሱ። ይህ እንዴት ተቻለ? ለዚህ መልስ በ1981 ዌስት ራሱ የመራው ቡድን ወደ ተራራው ሄደ። ጥቅምት ወር ላይ ሐኪሙ ክሪስ ፒዞ ጫፉ ላይ ቆሞ የአየር ግፊቱን ለካ፦ 253 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ ከባሕር ጠለል አንድ ሦስተኛ ያህል።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የተለመደው የከባቢ አየር ስሌት ከሚሰጠው 236 ይበልጣል። ኤቨረስት ለምድር ወገብ በአንጻራዊነት ቅርብ ስለሆነ በዚያ ኬክሮስ በዚህ ከፍታ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ልዩነቱ ኦክስጅኑ ለሕይወት በሚበቃበት ጠርዝ ላይ ስለሚገኝ ትልቅ ዋጋ አለው። ፒዞ የራሱን ትንፋሽም በጠርሙስ ይዞ ወረደ። በአየር ከረጢቶቹ የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከተለመደው 40 ወደ 7.5 ወርዶ ነበር፤ ሰውነት እጅግ በፍጥነትና በጥልቀት በመተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወጥቶ ለኦክስጅን ቦታ ይለቃል።

የስስ ግድግዳ መሰንጠቅ

ደምንና አየርን የሚለየው ግድግዳ በአንዳንድ ቦታ ከ0.3 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። ኦክስጅን በቀላሉ እንዲያልፍ ስስ መሆን አለበት፤ ግፊት እንዳይቀደው ደግሞ ጠንካራ። ዌስትና ባልደረቦቹ በ1991 ባወጡት ጥናት በጥንቸል ሳንባ ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ሲያደርጉ፣ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ላይ ግድግዳው ሲሰነጠቅ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። ይህ ግኝት በከፍታ ቦታ ሳንባ ውኃ የሚቋጥርበትን ሕመም ለማስረዳት ረድቷል። የእሽቅድምድም ፈረሶች ከሩጫ በኋላ ከሳንባቸው ለምን እንደሚደሙም አሳይቷል፦ በግልቢያ ጊዜ በሳንባቸው ካፒላሪ ያለው ግፊት ወደ 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል።