የማግኔት መያዣ (ብረታ ብረት ሥራ)

የማግኔት መያዣ ማለት የሚበየድ፣ የሚሞረድ ወይም የሚሰረሰር ብረትን በማግኔት ኃይል ስቦ በቦታው የሚያቆም መሣሪያ ነው። እንደ ሞርሳ ከሁለት ወገን አይጨብጥም፤ የሚይዘው በአንድ ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ብረትን ለማስተካከል ምቹ ቢሆንም ብርቱ ግፊት ባለበት ሥራ ብቻውን አይታመንም።

እንደ አርብ ገበያ (ታች ጋይንት ወረዳ፣ ደቡብ ጎንደር) ባሉ የኢትዮጵያ ወረዳ ከተሞች በትንንሽ የብየዳ ቤቶች በርና መስኮት ከቱቦላሬ፣ ከአንግልና ከላሜራ ይሠራል። ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ የማግኔት መያዣ ማዕዘን የሚይዝ ረዳት ሆኖ ያገለግላል።

አሠራር

ማግኔት ተራ ብረትን አጥብቆ ይስባል። አሉሚኒየምን፣ መዳብንና ነሐስን አይዝም፤ የማይዝግ ብረትም (ስቴይንለስ ስቲል) አንዳንዱ ዓይነት ይሳባል፣ ሌላው አይሳብም። በማግኔቱና በብረቱ መካከል ቀለም፣ ዝገት ወይም ብናኝ ካለ ክፍተት ስለሚፈጠር የመያዝ ኃይሉ በፍጥነት ይቀንሳል። ስስ ላሜራም የማግኔቱን ኃይል ሁሉ መቀበል ስለማይችል ከወፍራም ብረት ይልቅ ላልቶ ይያዛል።

ሻጮች የሚናገሩት ኪሎ ብዙውን ጊዜ ማግኔቱን ከወፍራምና ንጹሕ ብረት ላይ ቀጥ ብሎ ለመንቀል የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ወደ ጎን ለማንሸራተት ግን የዚህ 1/5 አካባቢ ሊበቃ ይችላል። 50 ኪሎ ይይዛል የተባለ ማግኔት በ10 ኪሎ የጎን ግፊት ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል ማለት ነው።

ዓይነቶች

* የብየዳ ማግኔት፦ በ45፣ በ90 እና በ135 ዲግሪ ማዕዘን ብረት የሚይዝ፣ ዋጋው ቀላል የሆነ መሣሪያ ነው። አንዳንዱ ማብሪያና ማጥፊያ አለው።
* ባለ ቁልፍ የማግኔት ገበታ፦ በመሞረጃና በመፍጫ ማሽን ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ገበታ ነው። ቁልፉ ሲዞር በውስጡ ያሉት ማግኔቶች ቦታ ስለሚለውጡ ይይዛል ወይም ይለቃል። መብራት አይፈልግም።
* የኤሌክትሪክ ማግኔት ገበታ፦ የሚይዘው ጅረት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ብረቱ በሥራ መሐል ሊለቀቅና ሊወረወር ስለሚችል አደገኛ ነው።

ከተበላሸ ስፒከር የሚወጣው ቀለበት ማግኔት አብዛኛውን ጊዜ ፌራይት ሲሆን፣ ከአሮጌ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የሚወጣው ኒዮዲሚየም ነው። ሁለቱም ጥቃቅን መሣሪያ በግድግዳ ላይ ለመስቀልና የብረት ብናኝ ለመልቀም ያገለግላሉ።

አጠቃቀም

በብየዳ ጊዜ መጀመሪያ የሚገናኙት ገጾች ይጸዳሉ፤ ከዚያ ማግኔቱ ማዕዘኑን ይይዛል። ብረቱ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ከተበየደ በኋላ ማግኔቱ ይነሣል። ማዕዘኑ በስኳድራ ይለካል። ለበርና ለመስኮት ፍሬም ደግሞ ከጥግ ጥግ ያሉት ሁለቱ ሰያፍ ርዝመቶች እኩል መሆናቸው ይታያል። ሙሉው ብየዳ የሚቀጥለው ከዚህ በኋላ ነው። ማግኔቱ ለኤሌክትሮዱ ቀርቦ ከቆየ የብየዳውን እሳት ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ይህም በዲሲ ጅረት ይብሳል። የመሬት ገመዱም በማግኔቱ ላይ ሳይሆን በሚበየደው ብረት ላይ ይታሰራል።

በመሰርሰር ጊዜ መሰርሰሪያው ብረቱን በስቶ ሊወጣ ሲል ነክሶ ያሽከረክረዋል። በዚህ ሥራ ላሜራን በማግኔት ብቻ መያዝ እጅን ለመቆረጥ ያጋልጣል፤ በሞርሳ ወይም በማጥበቂያ ማሰር ያስፈልጋል። በመፍጫ ማሽን ገበታ ላይም ከግርጌው ስፋት ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥ ብረት በቀላሉ ስለሚወድቅ በዙሪያው ሌሎች ብረቶች ለድጋፍ ይደረደራሉ።

ሙቀትና ማግኔት

ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን ማጣት ይጀምራል፤ ቢበርድም የጠፋው ኃይል በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ፌራይት ከዚህ የበለጠ ሙቀት ይችላል።

የሚያዘው ብረትም ራሱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በማግኔት መሳቡን ያቆማል። ማረሻ የሚቀጠቅጥ አንጥረኛ የጋለውን ብረት በመስፍ ላይ በጉጠት የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚህ ቦታ ማግኔት ጉጠትን ሊተካ አይችልም። ይህ ጠባይ ግን ጥቅም አለው። ብረቱ ማግኔት መሳቡን ሲያቆም ለማጠንከሪያ ወደሚፈለገው ሙቀት እንደቀረበ ይታወቃል።

እንክብካቤ

* ብናኝ በየሥራው መጨረሻ ይጠረጋል። በጨርቅ ያልለቀቀው በሙጫ ፕላስተር ተጭኖ ይነሣል። ማግኔቱ ከሥራ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት ከተጠቀለለ ብናኙ ከከረጢቱ ጋር ይወገዳል።
* የብረት ገጾች እንዳይዝጉ በስሱ ዘይት ይቀባሉ፤ ከሥራ በፊት ግን ዘይቱ ይጠረጋል።
* ማግኔት አይጣልም፣ በመዶሻም አይመታም። ፌራይትም ኒዮዲሚየምም ተሰባሪ ናቸው። የኒዮዲሚየም ልባሱ ከተላጠ ደግሞ ይዝጋል።
* ማግኔትን መሰርሰር ወይም መፍጨት አይገባም፤ የኒዮዲሚየም ብናኝ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ጥንቃቄ

ሁለት ጠንካራ ማግኔቶች ድንገት ሲገናኙ ጣት ይጨፈልቃሉ፤ ሲሰበሩም ስብርባሪው ወደ ዓይን ይፈናጠራል። ስለዚህ የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል፤ ሲለያዩም በመጎተት ሳይሆን ወደ ጎን በማንሸራተት ነው። በልቡ የምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው ጠንካራ ማግኔት ወደ ደረቱ ማስጠጋት የለበትም።