«አንቲቫይረስ ተጭኖበታል»፦ ተረትና እውነታ

በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ፣ ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሰነድ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሻገረው በአብዛኛው በፍላሽ ነው። የተማሪ ውጤት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የደመወዝ መክፈያና የማመልከቻ ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ማሽን ላይ ይከፈታል፤ ፍላሹን ከመሰካቱ በፊት ስለ ቫይረስ ለሚጠይቅ ደንበኛም «አንቲቫይረስ ተጭኖበታል» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ከሚነገሩት ተረቶች መካከል ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ይህ መልስ ሳይሆን አይቀርም፤ የሰማው ሰው ሌላ ጥንቃቄ ሁሉ አያስፈልገኝም ብሎ እንዲተወው ያደርጋልና።

ተረት፦ አንቲቫይረስ አንድ ጊዜ ከተጫነ ኮምፒውተሩ ተጠብቋል

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። የመጀመሪያው የፒሲ ቫይረስ ተብሎ የሚታወቀው ብሬይን እ.ኤ.አ. በ1986 ከፓኪስታኗ ላሆር ተነሥቶ በፍሎፒ ዲስክ ሲዛመት፣ በዓለም የነበሩት ቫይረሶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ስርጭታቸውም ዲስክ የሚሰጣጡ ሰዎችን ፍጥነት የሚከተል ስለነበር፣ የታወቁትን ቫይረሶች ዝርዝር የያዘ አንድ ፕሮግራም ለወራት ሊያገለግል ይችል ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሠረቱ ሞስኮ የሆነው የአንቲቫይረስ ኩባንያ ካስፐርስኪ እ.ኤ.አ. በ2024 በአማካይ በየቀኑ 467,000 ያህል አደገኛ ፋይሎችን እንዳገኘ አስታውቋል፤ ቁጥሩን ያወጣው ምርቱን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል፣ ሆኖም ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን የአምና ዝርዝር ለዘንድሮ እንደማይበቃ ለመረዳት አያዳግትም።

ይህ የሚሆነው አንቲቫይረስ ከሚሠራበት መንገድ የተነሣ ነው። ፕሮግራሙ ተንኮል አዘል ሶፍትዌርን፣ ማለትም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሰነድ የሚያጠፋ፣ የሚሰርቅ ወይም የሚቆልፍ ማንኛውንም ፕሮግራም፣ በዋናነት በሁለት ዘዴ ይለያል። አንደኛው የእያንዳንዱን ፋይል ይዘት ኩባንያው አስቀድሞ ካጠናቸው ቫይረሶች መለያ አሻራ ጋር ማመሳከር ሲሆን፣ ሁለተኛው የማይታወቅ ፕሮግራም ሲሠራ ጠባዩን መከታተል ነው፤ ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም በደቂቃዎች ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰነዶችን ለመቆለፍ ቢነሣ ማስቆም። የመጀመሪያው ዘዴ ያለ አዲስ አሻራ ዕውር ነው፤ ሁለተኛውም ቢሆን ዛሬ ብዙውን ውሳኔ የሚወስነው ከኩባንያው ሰርቨር ጋር በኢንተርኔት እየተማከረ ነው። ስለዚህ ሰው ሲገዛ የሚያገኘው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ሳይሆን የኩባንያው ባለሙያዎች በየዕለቱ የሚሠሩት ሥራ ነው። የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በአካባቢው ያለው የጓሳ ሣር ለዘመናት የቆየው አንድ ቀን ክልክል ነው ተብሎ ስለታወጀ ሳይሆን ኅብረተሰቡ ሳይታክት ስለጠበቀው ነው።

ማዘመኛ፣ በተለምዶ አጠራሩ አፕዴት፣ የምርቱ ነፍስ መሆኑን የአሜሪካ መንግሥት ውሳኔም ያሳያል። የአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ካስፐርስኪን ከአገሩ ገበያ ለማስወጣት ሲወስን፣ አዲስ ሽያጭን ከማገዱ በተጨማሪ ኩባንያው ከሴፕቴምበር 29 ቀን በኋላ ለነባር ደንበኞቹ ማዘመኛ እንዳይልክ ከለከለ፤ የተጫነውን ፕሮግራም ማንም ከየቤቱ መንቀል አላስፈለገውም፣ ማዘመኛው ሲቆም ጥበቃው አብሮ እየከሰመ ይሄዳልና።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ተመሳሳይ ነገር ያለ አንዳች የንግድ ውሳኔ ሆኗል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ፣ በስልክ መረብ ብቻ የሚገናኙ ኮምፒውተሮች አንቲቫይረሳቸው አዲስ ነገር ሳይሰማ ከረመ፤ በስክሪኑ ጥግ ያለችው ምልክት ግን ከቦታዋ አልጠፋችም። ይህ የባለቤቶቹ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው መረቡ ከተመለሰ በኋላም የመጨረሻው እድሳት የተደረገበትን ቀን ሳያዩ «ተጭኖበታል» ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ክራክ የሚባለው ነው፤ ይኸውም የፈቃድ ቁልፍ ሳይገዛ ፕሮግራሙ የተገዛ እንዲመስለው የሚያደርግ ማታለያ ነው። ክራክ የሚጠቀም ሰው ምክንያት እንዳለው መካድ አይቻልም፦ ፈቃዱ የሚሸጠው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ያለው ጥቂት ነው፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው ይበልጥ ርቋል። ምክንያት የሌለው ግን ክራኩን እያስከፈለ የሚጭነው ባለሙያ ነኝ ባይ ነው። ይህ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ዊንዶውስ ያለውን ጥበቃ በማጥፋት ነው፤ ከማይታወቅ ምንጭ ያመጣውን ክራክ ከፍተኛውን ሥልጣን ሰጥቶ ያስነሣዋል፤ ከዚያም ኩባንያው የተጭበረበረውን ቁልፍ እንዳይደርስበት ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር እንዳይገናኝ ይዘጋዋል። ደንበኛው ከፍሎ የሚወጣው የነበረው ጥበቃ ጠፍቶበት፣ አዲሱ ማዘመኛ ተከልክሎ፣ ምናልባትም በክራኩ ውስጥ የተደበቀ ተባይ ይዞ ነው። ይህን አገልግሎት ብሎ መጥራት ድፍረት ነው።

በሚገባ የታደሰና በሕጋዊ ቁልፍ የሚሠራ አንቲቫይረስም ቢሆን ሁሉን አይዝም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን ገልጿል፤ በቀጣዩ ዓመት ከኩባንያው ያፈተለኩ ሰነዶችም ምርቱ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት በታወቁ አንቲቫይረሶች እንዳይያዝ ይፈተሽ እንደነበር አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ውድ መሣሪያ የፎቶኮፒ ቤት ኮምፒውተርን ዒላማ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አጥቂው አስቀድሞ ለማለፍ የተዘጋጀበትን በር አንቲቫይረስ ብቻውን እንደማይዘጋው ያስረዳል።

ተረት፦ ቫይረሱን የሚሠሩት ራሳቸው የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች ናቸው

ጥርጣሬው መነሻ አለው፣ ፍርሃት ለእነዚህ ኩባንያዎች ገበያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1992 የአንቲቫይረስ ነጋዴው ጆን ማካፊ ማይክልአንጀሎ የተባለው ቫይረስ እስከ አምስት ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ሊመታ ይችላል ብሎ ነበር፤ የተመቱት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ብቻ ሆነው ተገኙ። አቫስት የተባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያም የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ በመሸጥ ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይሁን እንጂ ማጋነንና መረጃ መሸጥ አንድ ነገር ነው፣ ቫይረስ መፍጠር ሌላ ነው። የብዙዎቹ ታዋቂ ቫይረሶች ምንጭ ታውቋል፦ ብሬይንን የጻፉት ሁለቱ የላሆር ወንድማማቾች ስማቸውንና ስልካቸውን በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀምጠው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በርካታ አገሮችን የመታውን፣ ሰነድ ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀውን ዋናክራይ በተመለከተ አሜሪካ የከሰሰችው ለሰሜን ኮሪያ መንግሥት ይሠራል ያለችውን ሰው ነው። ከቫይረስ የሚገኘው የቤዛና የስርቆት ገንዘብ ለወንጀለኞች በቂ ምክንያት ስለሆነ ሌላ ፈጣሪ መፈለግ አያስፈልግም።

ተረት፦ ቫይረስ የገባበት ፍላሽ መድኃኒቱ ፎርማት ነው

ብዙ ሰነድ የሚጠፋው በቫይረሱ ሳይሆን በዚህ ምክር ነው። በተለምዶ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ተባይ አብዛኛውን ጊዜ ፎልደሮቹን አያጠፋም፤ ይደብቃቸውና በምትካቸው በተመሳሳይ ስም ሾርትከት ያስቀምጣል፣ ባለቤቱ ሾርትከቱን ሲከፍት ቫይረሱ ይነሣል። የታደሰ አንቲቫይረስ ባለበት ኮምፒውተር ፍላሹን ከፈተሹ በኋላ በዊንዶውስ ቅንብር የተደበቁትንና የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ ማዘዝ ሰነዱን ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል። ፎርማት የሚደረገው ሰነዱ ከወጣ በኋላ ነው።

ተረት፦ ሁለት አንቲቫይረስ ከአንድ ይሻላል

አይሻልም። ሁለቱ አንዱን ፋይል እየተሻሙ ኮምፒውተሩን ያዘገዩታል፤ አንዳንዴም አንዱ ሌላውን እንደ ቫይረስ ይቆጥረዋል።

ተረት፦ ነጻ የሆነ አንቲቫይረስ አይረባም

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ክፍያ አይጠይቅም፣ ክራክ አያስፈልገውም፣ ለተራ ተጠቃሚም ክራክ ከተደረገ ካስፐርስኪ እጅግ ይሻላል። ማዘመኛውም ከማይክሮሶፍት ገጽ እንደ አንድ ፋይል ስለሚገኝ፣ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው በንጹሕ ፍላሽ ይዞት በመምጣት ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሊጭነው ይችላል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ቤት የሚያስተዳድሩ፣ በትምህርት ቤትና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ማሽን የሚይዙ ሁሉ ክራኩን ነቅለው ዲፌንደርን እንዲያስነሡ፣ የመጨረሻው እድሳት የተደረገበትን ቀን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲያዩ፣ የማይተካ ሰነድንም በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠው ከኮምፒውተሩ ለይተው እንዲያስቀምጡ ይገባል። ደንበኛውም ፍላሹን ከመስጠቱ በፊት አንቲቫይረስ መጫኑን ሳይሆን መቼ እንደታደሰ ይጠይቅ።