አዋላጇ ብታጠፋ ካሣው ከማን ይጠየቃል?



ወሊድ ሲቃረብ ለገንፎው እህል፣ ለሕፃኑ ልብስ፣ ለመኪና ገንዘብ ይዘጋጃል። አንድ ሌሊት ግን ምጥ የጠናባትን እናት ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ሪፈር ስንልክ፣ ባለቤቷ «ሲስተር፣ በእናንተ ጥፋት አንድ ነገር ብትሆን ማንን እጠይቃለሁ?» አለኝ። ጊዜ ስላልነበረኝ አልመለስኩለትም። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ ዛሬ እመልሳለሁ።

ጥፋት ሲባል ምን ማለት ነው?

ጉዳት ሁሉ ጥፋት አይደለም። ማሕፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን መርፌ በወቅቱ ተሰጥቶም ደም ሊፈስ ይችላል። ምጥ ከፋፋመ በኋላ ግን የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው መደመጥ አለበት። አዋላጇ ይህን ሳታደርግ ቀርታ ሕፃኑ ታፍኖ ቢጎዳ ይህ የሙያ ጥፋት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። በቁጥር 2651 ደግሞ የሕክምና ድርጅት ሠራተኞቹ በጥፋታቸው በሕመምተኛ ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ስለዚህ አዋላጇ ብቻዋን አይደለችም፤ የቀጠራትም ይጠየቃል።

የሙያ ኃላፊነት መድን ምንድን ነው?

ባለሙያዋ ወይም ድርጅቱ በየዓመቱ አረቦን ይከፍላል። ጥፋት ተፈጽሞ ካሣ ሲወሰን፣ በውሉ እስከተጻፈው ጣሪያ ድረስ መድን ሰጪው ይከፍላል። ሆን ተብሎ የተፈጸመን በደል ግን አይሸፍንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል፤ መድን በማንም ፈንታ አይታሰርም።

ለእናንተ ምን ይጠቅማል?

አካሉ የተጎዳ ሕፃን ለዓመታት ሕክምናና እንክብካቤ ያስፈልገዋል። ከአንዲት አዋላጅ የወር ደመወዝ ይህን ሁሉ ማግኘት አይቻልም፤ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። መድን ካለ ግን ካሣው እጃችሁ ይገባል። ለእኛም ቢሆን ቤቴ ይፈርሳል ብላ የምትፈራ አዋላጅ ስህተቷን ልትደብቅ ትችላለች። የማትፈራዋ ግን የሆነውን ሁሉ በካርዱ ላይ ትጽፋለች፣ ፈጥናም እርዳታ ትጠራለች።

ምን ታደርጋላችሁ?

1. በግል ክሊኒክ ለመውለድ ካሰባችሁ የሥራ ፈቃድ እንዳለው፣ የሙያ ኃላፊነት መድንም መግባቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።
2. የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ የሪፈር ወረቀትና ደረሰኝ አትጣሉ። ማስረጃችሁ እነዚህ ናቸው።
3. ጉዳት ከደረሰ መጀመሪያ ከባለሙያው ማብራሪያ፣ ከዚያ ከተቋሙ ኃላፊ መልስ ጠይቁ። ካልረካችሁ ለጤና ጽሕፈት ቤት አቤት በሉ።
4. አትዘግዩ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

ውድ ባልና ሚስት፣ ካሣ የጠፋን ሕይወት አይመልስም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የእርግዝና ክትትላችሁን አታቋርጡ፤ ምጥ ሲጀምርም ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ኑ። ያን ሌሊት ለጠየቀኝ አባወራም መልሴ ይኸው ነው፦ የመጠየቅ መብት አለህ፤ እኛም የመመለስ ግዴታ አለብን።