ከፒዲኤፍ ሰነድ የሚወጣ አኃዝ ለእቅድ ከመዋሉ በፊት ሊመሳከር ይገባል

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ግንደወይን ከተማ የሚሠራ የእቅድ ባለሙያ የወረዳውን ሕዝብ በጾታ ለይቶ ማወቅ ቢፈልግ ከሚመለከታቸው ሰነዶች አንዱ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት ነው። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ውጤቱን በየክልሉ ለይቶ በፒዲኤፍ አሰራጭቶታል። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም በመወሰኑም የ1999 ዓ.ም. አኃዝ ለሕዝብ ብዛት ትንበያ መነሻ ሆኖ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል።

ይሁንና በገጹ ላይ በግልጽ የሚነበበው ሠንጠረዥ ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ ቁጥሮቹ በአንድ ዓምድ ተደራርበው ወይም ከቦታቸው ተዛንፈው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። የአንዱ ወረዳ ቁጥር በሌላው ስም ትይዩ ከሰፈረ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የክትባትና የምርጥ ዘር ድልድሉም አብሮ ይዛነፋል።

የችግሩ ምንጭ የፒዲኤፍ አሠራር ነው። አዶቤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያስተዋወቀውና በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ይህ የሰነድ ዓይነት ዋና ዓላማው ጽሑፍ በማንኛውም ኮምፒውተርና ማተሚያ ላይ መልኩን ሳይለውጥ እንዲታይ ማድረግ ነው። ፋይሉ በአብዛኛው የሚይዘው እያንዳንዱ ፊደል በገጹ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ እንጂ የትኛው ቁጥር በየትኛው ረድፍና ዓምድ እንደሚገኝ አይደለም።

በመሆኑም የመጀመሪያው ተግባር የሰነዱን ዓይነት መለየት ነው። ለዚህም አንድ መስመር መርጦ በሌላ ገጽ ላይ መለጠፍ በቂ ነው። ጽሑፉ እንዳለ ከመጣ ሰነዱ በቀጥታ ከኮምፒውተር የተዘጋጀ ነው። መስመሩን መምረጥ ካልተቻለ ደግሞ ሰነዱ በስካነር የተነሳ ምስል ብቻ መሆኑን ያመለክታል።

በአማርኛ ሰነዶች ላይ ሦስተኛ ሁኔታም ያጋጥማል። ይኸውም በገጹ ላይ በአማርኛ የሚነበበው ጽሑፍ ሲለጠፍ ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ የሚለወጥበት ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከመካተቱ በፊት የነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደሎቻችንን ለላቲን በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ከዚያ በኋላም በብዙ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸው ቀጥሎ ቆይቷል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አልጠፋም፤ ሰነዱ የተጻፈበት ፎንት ተለይቶ በዚያው ልክ ወደ ዩኒኮድ ሊለወጥ ይችላል።

ከኮምፒውተር በቀጥታ ለተዘጋጀ ሠንጠረዥ ታቡላ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይረዳል። ተጠቃሚው ሠንጠረዡን በገጹ ላይ ከከለለ በኋላ ረድፍና ዓምዱን ለይቶ ያወጣለታል። በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ በመሆኑ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት በሌለበትም ያገለግላል። አዳዲስ የማይክሮሶፍት ኤክሴል ሥሪቶችም ሠንጠረዥን ከፒዲኤፍ ያስገባሉ። በስካነር ለተነሳ ሰነድ ግን የፊደል ምስልን ለይቶ የሚያነብ ሶፍትዌር ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም አማርኛን የሚያነበው ቴሰራክት በነፃ ይገኛል። ሆኖም በደበዘዘ ገጽ ላይ 3ን ከ8፣ 1ን ከ7 ሊያምታታ ስለሚችል ውጤቱን መፈተሽ ግዴታ ነው። የሠራተኞችን ደመወዝ ወይም የሕሙማንን መረጃ የያዘ ፋይልን በኢንተርኔት ለሚገኙ የመቀየሪያ አገልግሎቶች መስጠት ደግሞ ምስጢር አሳልፎ የመስጠት ያህል በመሆኑ ሊወገድ ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ማመሳከር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአማራ ክልል 8 ሚሊዮን 641 ሺህ 580 ወንዶችና 8 ሚሊዮን 580 ሺህ 396 ሴቶች ተቆጥረዋል፤ ድምሩም 17 ሚሊዮን 221 ሺህ 976 ነው። ከፒዲኤፍ የወጣው ሠንጠረዥ ይህን ድምር ካልሰጠ የተዛነፈ ዓምድ ወይም የተዘለለ ረድፍ አለ ማለት ነው። የየወረዳው ድምር ከዞኑ፣ የየዞኑም ከክልሉ ጋር እንዲሁ ሊመሳከር ይገባል።

ይሁንና ድምር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የወንዶችና የሴቶች ዓምዶች ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ ትክክል ሆኖ ይቀጥላል። ስለሆነም ከመጀመሪያ፣ ከመካከልና ከመጨረሻ ጥቂት ረድፎችን መርጦ ከዋናው ገጽ ጋር በዓይን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ገጽ በሚቀየርበት ቦታ የሚደጋገሙ ርዕሶችና ባዶ የተተዉ ክፍሎች ይበልጥ ትኩረት ይሻሉ።

ችግሩን ከምንጩ ለመቀነስ ደግሞ ሪፖርት አዘጋጁ መሥሪያ ቤት ድርሻ አለው። ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ፒዲኤፍ ለማስረጃነት ሲላክ የሠንጠረዡ ኤክሴል አብሮ ቢላክ፣ ጽሑፉም በዩኒኮድ ቢዘጋጅ፣ ከወረዳ እስከ ክልል ያለው ባለሙያ ተመሳሳይ ቁጥሮችን ዳግመኛ በመጻፍ የሚያባክነውን ጊዜ ለእቅድና ለክትትል ሥራ ሊያውለው ይችላል።