ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ

የማስተምረው አንድ ተማሪ በማጠቃለያ ፈተና መሀል ወረቀቱን ትቶ ወጣ። ጎበዝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ድፍረት መስሎኝ ኤፍ ሰጠሁት። በኋላ እናቱ መሸኛውን ሊወስዱ ሲመጡ ኦቲዝም እንዳለበት ነገሩኝ። በዚያን ዕለት የመፈተኛው ክፍል በድንገት ተቀይሮ ጫጫታ በበዛበት አዳራሽ ነበር የፈተንነው።

ኦቲዝም የአስተዳደግ ውጤት አይደለም፤ አእምሮ ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚታይ ሁኔታ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከሚደርሱት ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው ትምህርቱ ሳይሆን ድንገተኛ ለውጥ፣ ጫጫታ፣ የቡድን ሥራና ግልጽ ያልሆነ መመሪያ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን፣ በአንቀጽ 24 ለከፍተኛ ትምህርትም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። ይህ ማለት ውጤት መጨመር አይደለም። ፀጥ ያለ የፈተና ክፍል፣ ተጨማሪ ጊዜ፣ በጽሑፍ የተሰጠ መመሪያ፣ ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በቡድን ሥራ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መስጠት ነው። ጥያቄውም እርማቱም ከሌላው ተማሪ ጋር አንድ ነው።

ያ ተማሪ አልተመለሰም። እኔ ግን አሁን ሴሚስተሩ ሲጀመር ለተማሪዎቼ ሁሉ፣ «ለመማር የሚያስቸግራችሁ ነገር ካለ ለብቻችሁ መጥታችሁ ንገሩኝ፤ ምስጢር ነው» እላለሁ። አንዳንዶቹ ይመጣሉ።